የአየር ኃይል አዛዥ ሥራው መብረር አይደለም

ጥያቄው የመጣው ከሞጣ፣ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ተማሪዎቼ ‹የአየር ኃይል ዋና አዛዥ ሥራው ምንድን ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ከአብራሪዎች ሁሉ የላቀው አብራሪ እንደሆነ፣ አውሮፕላን መቼ ተነሥቶ የት እንደሚመታም የሚወስነው እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ‹ታዲያ አያቴ እንደሚያወሩት በ1960 አገራችንን በአውሮፕላን ያስደበደበው እሱ ነው ማለት ነው?› አለኝ። መልስ አጠረኝ። ይኸው ልጅ ደግሞ ሕልሙ አየር ኃይል ገብቶ አዛዥ መሆን ነው። ምን ልበለው?»

መምህር፣ ለልጆቹ ከነገሯቸው ሁለት ነገሮች አንዱም ልክ አይደለም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይመለሱበትና ያርሙት። የልጁ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ በአውሮፕላን ጥገናና በበረራ ደህንነት ሥራ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከክፍል ውስጥ ሲነሣ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

በመጀመሪያው ልጀምር። አዛዡ በአብዛኛው አገር አብራሪ የነበረ ሰው ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን አብራሪ መሆንና ከሁሉ የላቀ አብራሪ መሆን ለየቅል ናቸው። ራሱን የቻለ አየር ኃይል ካቋቋሙት ቀዳሚ አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1918። የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሂው ትሬንቻርድ የበረራ ፈቃድ ያወጣው በ39 ዓመቱ ነው። በአብራሪነቱ ማንም አድንቆት አያውቅም። ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ሌላ ነገር ስለሠራ ነው። ክራንዌል ላይ የመኮንኖች ማሠልጠኛ፣ ሃልተን ላይ ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከሃልተን የወጡት ቴክኒሺያኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን አውሮፕላኖች እየጠገኑ ለበረራ ያበቁ ነበር።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጣና እስከ እ.ኤ.አ. 1956 ድረስ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል በማደራጀት ሠራ። በረራውን ተዉት፣ ትልቁ ሥራው ቢሾፍቱ ላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ተቀምጠው የሚማሩበትን ቦታ መትከሉ ነበር። ከስዊድን የመጡት የሳብ አውሮፕላኖች አርጅተው ከአገልግሎት ወጡ። ማሠልጠኛው ግን ትውልድ አፈራ።

እንግዲህ አዛዡ ዕለት ዕለት ምን ይሠራል? ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ነገ ጠዋት ስንት አውሮፕላን ይነሣል?

ቀላል ይመስላል። ለምሳሌ ያህል 24 ተዋጊ አውሮፕላን ያለው አየር ኃይል እናስብ። በሰልፍ ቀን ሕዝቡ የሚያየው 24 ነው። አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ያለው ወረቀት ግን ሌላ ነው። አምስቱ የተወሰነላቸውን የበረራ ሰዓት ስለጨረሱ ሙሉ በሙሉ ተፈታተው እየታደሱ ነው። አራቱ መለዋወጫ እየጠበቁ ነው፤ ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይንቀሳቀሱም። ሦስቱ የተለመደ ምርመራ ላይ ናቸው። ሁለቱ ለሥልጠና ተመድበዋል። የቀሩት 10 ናቸው። ከ10ሩ ደግሞ ሲነሡ ብልሽት ቢያሳዩ ብለው ሁለቱን መጠባበቂያ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ 24 የነበረው ቁጥር 8 ላይ መጣ። አለቆቹ «ስንት አለህ?» ሲሉት 24 የሚል አዛዥ አገሩን እያታለለ ነው። 8 የሚል አዛዥ ሥራውን አውቋል። በሚቀጥለው ዓመት 8ቱን 12 የሚያደርግ ደግሞ በጣም ጥሩ አዛዥ ነው፤ ማንም ባያጨበጭብለትም።

ለልጆቹ በሚያውቁት ነገር ያስረዷቸው። ሞጣ ውስጥ ሰኔ ላይ ጠምዶ ማረስ የሚችለው በሬውን በበጋ ያልጣለ ገበሬ ነው። ድርቆሽ ያከማቸ፣ የታመመውን በጊዜ ያሳከመ፣ ሞፈሩንና ቀንበሩን ዝናብ ሳይመጣ ያበጀ። ሲያርስ የሚታየው የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ከጀርባው ያለው ግን የዓመት ልፋት ነው። የአየር ኃይል አዛዥ ሥራ በአብዛኛው የበጋው ሥራ ነው።

አብራሪውም እንደዚያው ነው። በኔቶ አገሮች አንድ ተዋጊ አብራሪ ብቃቱ እንዳይወርድ በዓመት 180 ሰዓት ገደማ መብረር አለበት የሚል መለኪያ ይሠራበታል። የሚፈጀው ነዳጅ፣ ጎማና የሞተር ዕድሜ ሁሉ በዚህ ሰዓት ልክ ይሰላል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው የልምምድ በረራ ነው፤ ሲቀነስ ስለማይታይ። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አደጋ ሲደርስ ነው። ይህን እያወቀ ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት የሚከራከረው አዛዡ ነው።

አሁን ዓይኔ ያየውን ላንሣ። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) የመሣሪያ ሰሌዳ ነበር። እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ፒንሳና ጠመንጃ መፍቻ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቅርጹ በቀለም ተሥሏል። ዕቃው ከሌለ ቅርጹ ባዶውን ይታያል። አንድ ማታ ሥራ ጨርሰን ስንቆጥር የ10 ቁጥር ቁልፍ ቦታ ባዶ ሆነ። አውሮፕላኑ በማግስቱ ማለዳ በረራ ነበረበት። ቁልፏን ይዞ የነበረው አዲስ ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አልደበቀም፤ «እኔ ጋ ነበረች» አለ። ለቦታው ኃላፊ ተነገረው። መጥቶ ሰሌዳውን አየና «ቁልፏ እስክትገኝ አውሮፕላኑ አይነሣም» አለ። ይህን ብሎ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ኮቱን አውልቆ ከእኛ ጋር ባትሪ ይዞ ፈለገ። የአውሮፕላኑን ክዳኖች አንድ በአንድ ፈታን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከወለሉ በታች የመሪ ገመዱ ከሚያልፍበት አጠገብ ተገኘች። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሲገለበጥ እዚያ ገብታ ብትቀረቀር ኖሮ መሪው ይያዝ ነበር። በማግስቱ ልጁ አልተቀጣም። ኃላፊው በሰልፍ ፊት «እውነቱን ስለተናገረ ሰው አተረፈ» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ሃንጋር ውስጥ ስህተቱን የደበቀ ሰው አላየሁም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የበላይ አዛዡ ከሚሠራው ሁሉ ከባዱ ይህን ዓይነት ልማድ መፍጠር ነው። ስህተት የተናገረን የሚቀጣ አዛዥ ካለ፣ ስህተቱ ሁሉ ወለል ሥር ይደበቃል።

የአገሩ ተፈጥሮም አዛዡን ሥራ ያበዛበታል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 በላይ ነው። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያጣሉ። አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ነዳጅ ወይም ጭነት መቀነስም ይኖርበታል። ለሄሊኮፕተር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፋብሪካው በመጽሐፍ ላይ የጻፈውን የጭነት ልክ ጎጃም ላይ እንዳለ መጠቀም አይቻልም። አዲስ አውሮፕላን ሲገዛ «በእኛ ከፍታ፣ በእኛ ሙቀት ምን ይሸከማል?» ብሎ መጠየቅ የአዛዡና የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ስህተትዎ የባሰ ነው። አዛዡ ጦርነት አያውጅም። አውሮፕላንም በራሱ ፈቃድ ለጦርነት አይልክም።

የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ይክፈቱ። አንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው ይላል። አንቀጽ 55 የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ረቂቁን የሚያቀርበው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል መሆን አለበት ይላል። ከሚኒስትሩና ከጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ቀጥሎ ነው የአየር ኃይል አዛዡ የሚመጣው። ትእዛዝ ከላይ ይቀበላል። እንዴት እንደሚፈጸም ያቅዳል። ያስፈጽማል። ለአፈጻጸሙም ይጠየቃል።

በሌላ አገር ሥልጣኑ ከዚህም ይጠብባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ሕግ አውጥታ የጦርነት ትእዛዙ ከፕሬዚዳንቱ በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል በቀጥታ ወደ ግንባር አዛዦች እንዲሄድ አድርጋለች። የአየር ኃይሏ ኤታማዦር ሹም ሰው ያሠለጥናል፣ ያስታጥቃል፣ ያማክራል። ጦርነቱን ግን አይመራም። ይህ ለተማሪዎችዎ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ «አዛዥ» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም።

አሁን ወደ አያትየው ልምጣ። የሚያወሩት እውነት ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም አለ። መሬቴ ይለካና ርስቴ ይነጠቃል የሚል ሥጋት ነበረው። ሞጣና ቢቸና የተቃውሞው እምብርት ነበሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በክረምቱ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። ሰው ሞተ። በኋላ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሡም መጥተው ውዝፉን ግብር ማሩ። አውሮፕላን ተነሥቶ ሰው ከሞተ በኋላ ነው እንግዲህ ጥያቄው የተሰማው።

ያን ጊዜ የጦር ኃይሎች የበላይ አዛዥ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ስለዚህ በገዛ ዜጋ ላይ አውሮፕላን የማስነሣት ነገር የአንድ አየር ኃይል አዛዥ የግል ውሳኔ አይሆንም፤ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ለልጁ ይህን ይንገሩት። ግን እዚህ ላይ ካቆሙ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩት። «ታዝዤ ነው» የሚለው ቃል አዛዡን ነፃ አያወጣውም።

ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን እ.ኤ.አ. በ1969 አጽድቃለች፤ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎቹንም በ1994 ተቀብላለች። ሕጉ አዛዡን ሦስት ነገር ያስገድደዋል። ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው መለየት አለበት። በሰላማዊ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከሚገኘው ወታደራዊ ጥቅም በላይ እንደሚሆን ከታየ ጥቃቱን መተው አለበት። ከመምታቱም በፊት ዒላማውን ማጣራት አለበት። አዛዡ በሥሩ ያለ ሰው ወንጀል ሊፈጽም መሆኑን ካወቀ፣ ወይም ሁኔታው እንዲያውቅ የሚያስገድደው ከሆነና ዝም ካለ ይጠየቃል። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። አብራሪው ኮክፒት ውስጥ ይቀመጥ ወይም ድሮኑን ከምድር ሆኖ ይምራው፣ ሕጉ አንድ ነው። በ1960ም ቢሆን፣ ዘንድሮም ቢሆን፣ ገበያ ቀን ገበያ ላይ የወደቀ ቦምብ የአውሮፕላኑ ዓይነት አያጸድቀውም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ሙያዬን የምወደው ሰው የሚጠብቅበት ሙያ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ አዛዡ ያለው ትልቁ መሣሪያ አንዳንዴ «አይሆንም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወጋ ፈረንሳዮች ተጨማሪ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ለመኑ። የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ዕዝ አዛዥ ሂው ዳውዲንግ ለመንግሥቱ ደብዳቤ ጻፈ። የቀሩትን ወደ ፈረንሳይ ከላክን አገራችንን የምንከላከልበት አይኖረንም አለ። ልብ ይበሉ፣ ዳውዲንግ የአየር ኃይሉ የበላይ አልነበረም፤ ከበላዩ ሌላ አለቃ ነበረው። ያም ሆኖ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ እውነቱን ጽፎ፣ ፈርሞ ላከ። በዚያው ክረምት በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ጀርመንን የተቋቋሙት የተረፉት አውሮፕላኖች ናቸው።

ከሶማሊያ ጋር ያደረግነውን የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ጦርነትም ያስታውሱ። ሶማሊያ በቁጥር የበዙ ሚግ አውሮፕላኖች ነበሯት። ኢትዮጵያ ጥቂት አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበሯት፤ አሜሪካም ዕርዳታዋን አቋርጣ ነበር። ሆኖም ሰማዩ የእኛ ሆነ። ምክንያቱ በአንድ ሌሊት የመጣ ጀግንነት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ዓመታት የፈጀ የአብራሪ ሥልጠናና መለዋወጫ ሲያጥርም አውሮፕላን ጠግኖ የሚያስነሣ የጥገና ሰው ነበረ። የበጋው ሥራ ያልኩት ይህን ነው።

አንድ ነገር ግን ለተማሪዎችዎ ሳይነግሩ አይለፉ። ይህ ሥልጣን ለፖለቲካ ቅርብ ነው። አውሮፕላን ከዋና ከተማው በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ስለዚህ ሥልጣን የሚፈልግም የሚፈራም ሰው ዓይኑ እዚያ ነው። የሶሪያው ሐፌዝ አል አሳድና የግብጹ ሁስኒ ሙባረክ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት የአየር ኃይል አዛዥ ነበሩ። እኛም ጋ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲደረግ አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ውስጡ ነበሩበት። ሙከራው ሲከሽፍ ከኤታማዦር ሹሙ ከሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ ጋር እዚያው መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ከእሳቸው በፊት አየር ኃይሉን ያዘዙት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይም ያን ጊዜ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ከሙከራው ጋር ነበሩ። ዘመናት የለፉባቸው ብዙ ጄኔራሎች በዚህ ሙከራ ምክንያት አለቁ። ጉዳቱ የወደቀው በአየር ኃይሉ ላይም ነው፤ ልምድ ያለው ሰው እንደዚያ ሲጠፋ በዓመት በሁለት ዓመት አይተካም። አንቀጽ 87 መከላከያው ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ይሥራ የሚለው ለዚህ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ «አዛዥ እሆናለሁ» ብሎ አይነሣ። አዛዥነት የሚመለከቱለት የሥራ ማስታወቂያ አይደለም፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ከሠሩ በኋላ በሹመት የሚመጣ ነው፤ ላይመጣም ይችላል። «የአየር ኃይል ባለሙያ እሆናለሁ» ይበል። ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ላይ ይበርታ። የበረራና የጥገና መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ አንድ ቃል ማሳሳት አውሮፕላን ያሳጣል። ዓይኑን አሁኑኑ ይመርመር። የዓይን ችግር ቢገኝበት እንኳ ተስፋ አይቁረጥ፤ አብራሪነቱ ቢቀር የሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስ፣ የራዳርና የአየር ሁኔታ ትንበያ ሙያ አለ። አንድ አውሮፕላን ለማስነሣት አብራሪው አንድ ነው፤ ምድር ላይ የሚሠራለት ሰው ግን ብዙ ነው። እኔ አንድም ቀን አላበረርኩም። ግን የጠገንኳቸው አውሮፕላኖች በረዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ምልመላ በደላላ አይደረግም። «አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፤ የቤተሰብ በሬ ሸጦ ገንዘቡ የተበላበትን ሰው አውቃለሁ። ማስታወቂያው በይፋ ሲወጣ የትምህርትና የዕድሜ መስፈርቱን ራሱ ያንብብ፤ በየጊዜው ስለሚለያይ ካምና የተመዘገበ ሰው በነገረው አይመራ። ሁለተኛው፣ የጄት ቪዲዮ እያዩ ብቻ መወሰን አያዋጣም። ቪዲዮው የሚያሳየው መነሣቱን ነው እንጂ ሌሊት በባትሪ የሚፈለገውን ቁልፍ አይደለም።

ለእርስዎም አንድ ሥራ ልስጥዎ፣ መምህር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንቀጽ 28ን፣ 55ን፣ 74ንና 87ን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፏቸው። ከዚያ ልጁን ያስነሡትና አያቱ ያወሩትን ለክፍሉ ይንገር። ፈቃደኛ ከሆኑ አያትየውን ራሳቸውን ይጋብዟቸው፤ ወንበር ከፊት ያድርጉላቸው። ልጆቹ አንቀጾቹን አንድ በአንድ እያነበቡ «ያን ጊዜ ይህ ቢኖርና ቢከበር ኖሮስ?» ብለው እሳቸውን ይጠይቁ።